የአይሲ እግር ስንት ይሸከማል?

ከፋርታ ገጠር ድንች ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የሚነዳ ገበሬ ሁለት ልክ ያውቃል። አንደኛው፣ ከዚያ ካለፈ አህያው ተንበርክኮ የሚወድቅበት ጭነት ነው። ሁለተኛው፣ አህያው ዳገቱን ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ነገም ለሥራ የሚነሣበት ጭነት ነው። በመጀመሪያው ልክ የሚጭን ገበሬ አይቼ አላውቅም። ወደ ዲጂታል አይሲ ስንመጣ ግን ብዙዎቻችን የምንጭነው በመጀመሪያው ልክ ነው። የአምራቹን የመረጃ ሰነድ፣ ዳታሺቱን፣ ስንከፍት ቀድሞ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው ያ ቁጥር ስለሆነ፣ የተፈቀደልን ይመስለናል።

ይህን የምጽፈው ለቴክኒክና ሙያ እና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለምትጠግኑ፣ ማታ ማታ በቤታችሁ ሽቦ ለምትቀጣጥሉ ነው። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ቴስተር፣ 5 ቮልት የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር፣ ብሬድቦርድ፣ ጥቂት ሬዚስተሮች እና አንድ 74ኤችሲ04 አይሲ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። በሰፈር ቋንቋ «ኮረንቲ» የምንለው የመብራት ኃይሉን በሙሉ ነው። እዚህ ከረንት ስል ግን በሽቦው ውስጥ የሚፈሰውን ብቻ ማለቴ ነው፤ የሚለካውም በሚሊአምፒር ነው።

ትምህርቱን የከፈልኩበት ሰሌዳ

ከዓመታት በፊት ለአንድ ሱቅ ፊደል እየጻፈ የሚሄድ የመብራት ሰሌዳ ሠራሁ። ለቡሄ እንዲደርስ ቸኩዬ ነበር፤ ደብረ ታቦር የከተማዋም የበዓሉም ስም ስለሆነ ባለ ሱቁ ነሐሴ 13 ቀን በሩ ላይ እንዲበራለት ፈልጓል። የተጠቀምኩት 74ኤችሲ595 የሚባለውን ስምንት መውጫ ያለው አይሲ ነው። በእያንዳንዱ መውጫ ላይ አንድ ቀይ ኤልኢዲ ከ220 ኦም ሬዚስተር ጋር አሰርኩ። ዳታሺቱ አንድ እግር እስከ 35 ሚሊአምፒር ይላል፤ እኔ የምወስደው 12 ገደማ ነው። ሦስት እጥፍ ትርፍ አለኝ ብዬ ተዝናናሁ።

ሰሌዳው በራ። «ሀ» ሲያልፍ ደህና ነበር፤ «ለ»ም ደህና ነበር። እንደ «ጨ» ያለ ብዙ ኤልኢዲ የሚያበራ ፊደል ሲመጣ ግን ከጎኑ ያለው ዓምድ ይዘባረቃል፤ አንዳንዴም የቃሉ ግማሽ ተንሸራቶ ይወጣል። ሦስት ሌሊት ሙሉ ፕሮግራሙን ሳገላብጥ አደርኩ። ፕሮግራሙ ንጹሕ ነበር። በአራተኛው ሌሊት ጣቴን አይሲው ላይ ሳሳርፍ ትኩስ ነው። ያን ጊዜ ነው ዳታሺቱን እንደገና ከፍቼ፣ ከዚያው ከ35ቱ ሥር ያለውን መስመር ያነበብኩት። በኃይል መግቢያው ወይም በመሬት እግሩ በኩል በድምሩ ማለፍ የሚችለው 70 ሚሊአምፒር ነው ይላል። የእኔ ስምንት ኤልኢዲዎች አንድ ላይ ሲበሩ 95 ይደርሳሉ። እያንዳንዱ እግር ከልኩ በታች ነው፤ ሁሉም የሚጠጡበት አንዱ በር ግን ከልኩ በላይ ተጨናንቋል።

ይህ መመሪያ ያ ሌሊት እንዳይደርስባችሁ ነው።

መጀመሪያ የአይሲውን ጀርባ አንብቡ

ከመርካቶም ሆነ ከባሕር ዳር የምታመጡት አይሲ ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለው። በ74 የሚጀምር ከሆነ፣ ከ74 ቀጥሎ ያሉት ፊደላት ናቸው የዘሩን ጠባይ የሚነግሯችሁ። ተግባሩ አንድ ሆኖ ዘሩ ሲለያይ ጉልበቱም ይለያያል።

ኤልኤስ የተባለው ዘር ከረንት ለመቀበል 8 ሚሊአምፒር ይችላል፤ ለመስጠት ግን የሚተማመንበት 0.4 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። «መቀበል» ስል እግሩ ዝቅ ብሎ (ዜሮ ሆኖ) ከውጭ የመጣውን ከረንት ወደ መሬት ሲያፈስ ነው። «መስጠት» ስል እግሩ ከፍ ብሎ (አንድ ሆኖ) ከኃይል መስመሩ ወደ ጭነቱ ሲያወጣ ነው። በኤልኤስ በሁለቱ መካከል 20 እጥፍ ልዩነት አለ። ምክንያቱ ውስጡ ነው። ከታች ያለው ትራንዚስተር መንገዱን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ከላይ ባለው መንገድ ላይ ግን ሬዚስተር አለ። በድሮ መሣሪያ ላይ ኤልኢዲው ከአይሲው ወደ መሬት ሳይሆን ከ5 ቮልት ወደ አይሲው ተገልብጦ የታሰረው ለዚህ ነው። አሮጌ ቦርድ ስትጠግኑ ይህን «ስህተት» አታርሙት።

ኤችሲ የተባለው ዘር በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነው። ተራው መውጫ 4 ሚሊአምፒር፣ እንደ 595 ያለው ጠንከር ያለው 6 ሚሊአምፒር ይተማመንበታል። ኤሲ የተባለው 24 ይደርሳል። ሲዲ4000 የሚባለው ቤተሰብ ደግሞ ከ3 እስከ 15 ቮልት ስለሚሠራ ለባትሪና ለሶላር ሥራ ይወደዳል፤ በ5 ቮልት ግን ጉልበቱ በግማሽ ሚሊአምፒር አካባቢ ነው። በ10 ቮልት 1.3፣ በ15 ቮልት 3.4 ይሆናል። ሲዲ4000 ላይ ኤልኢዲ አስሮ «ለምን ደበዘዘ?» የሚል ተማሪ በየዓመቱ ይመጣል፤ መልሱ ይኸው ነው።

አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ያለው ኤቲሜጋ328ፒም ከዚህ ሕግ አይወጣም። አንድ እግሩ የማይሻገረው 40 ሚሊአምፒር ነው፤ አምራቹ ቮልቴጁን ለክቶ ቃል የሚገባው ግን በ20 ላይ ነው። በኃይልና በመሬት እግሮቹ በኩል የሚያልፈው ደግሞ ከ200 መብለጥ የለበትም።

ቀጥሎ ሁለቱን ሠንጠረዦች ለዩ

ዳታሺቱን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ አስቀምጡት። የምትፈልጉት ሁለት ሠንጠረዥ ነው። የመጀመሪያው «አብሶሉት ማክሲመም ሬቲንግስ» ይባላል። ይህ የሞት ድንበር ነው። ለ74ኤችሲ04 በአንድ እግር 25 ሚሊአምፒር፣ በኃይልና በመሬት በኩል በድምሩ 50 ይላል። እዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ አይሲው «ይሠራል» የሚል ቃል የለም። ድንበሩ ጋ ስትደርሱ መውጫው ስንት ቮልት እንደሚሆን አይነግራችሁም፤ ለስንት ዓመት እንደሚቆይም አይነግራችሁም።

ሁለተኛው «ኤሌክትሪካል ካራክተሪስቲክስ» የሚለው ነው። እዚያ ውስጥ ቪ-ኦ-ኤች እና ቪ-ኦ-ኤል የሚሉ መስመሮች አሉ። ቪ-ኦ-ኤች መውጫው ከፍ ሲል የሚኖረው ቮልቴጅ ነው፤ ቪ-ኦ-ኤል ዝቅ ሲል የሚኖረው። ከአጠገባቸው «በዚህን ያህል ከረንት» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ሥራ የምትሠሩበት ልክ እሱ ነው። ከረንቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ካያችሁ አትደንግጡ፤ ከረንቱ ከአይሲው ወደ ውጭ ይወጣል ማለት ነው እንጂ ጉድለት አይደለም።

ለ74ኤችሲ04 በ4.5 ቮልት እንዲህ ይነበባል። 4 ሚሊአምፒር ሲሰጥ መውጫው በ25 ዲግሪ ሙቀት ከ3.98 ቮልት አይወርድም። 4 ሚሊአምፒር ሲቀበል ከ0.26 ቮልት አይበልጥም። አምራቹ ይህን ቃል የገባው በምክንያት ነው። በዚያው ኃይል የሚሠራ ሌላ የኤችሲ አይሲ ከ3.15 ቮልት በላይ ያለውን «አንድ»፣ ከ1.35 በታች ያለውን «ዜሮ» ብሎ ለመለየት ዋስትና አለው። በመካከሉ ያለው ባለቤት የሌለው መሬት ነው። መውጫውን ከልኩ በላይ ስትጭኑት ቮልቴጁ ከ«አንድ» እየወረደ ወደዚያ መሬት ይገባል፤ ተቀባዩ አይሲ አንዴ አንድ፣ አንዴ ዜሮ እያለ ይዋልላል። ያን ጊዜ እኛ ፕሮግራሙን እንራገማለን።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመውጫ ጋር ከማሰራችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን እግር ሌላ አይሲ ያዳምጠዋል ወይ? የሚያዳምጠው ካለ በሁለተኛው ሠንጠረዥ ልክ ታሰሩ፤ ለኤችሲ ተራ መውጫ 4 ሚሊአምፒር። የሚያዳምጥ ከሌለና ኤልኢዲ ብቻ ከሆነ፣ የቮልቴጁ መውረድ ማንንም አያሳስትም፤ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ የሚገድባችሁ ሙቀቱና የጋራ በሩ ነው። ብዙ መምህራን ይህን ልዩነት ሳይነግሩ «20 ሚሊአምፒር አትለፉ» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን መሠረቱ እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ ኤልኢዲ ያንጠለጠላችሁበትን እግር እዚያው ለሌላ አይሲ ምልክት አድርጋችሁ ስትልኩት ነው ነገሩ የሚበላሸው።

አሁን ቴስተራችሁን አውጡ

ቁጥር ከወረቀት ላይ ሲነበብና በእጅ ሲለካ አንድ አይደለም። 74ኤችሲ04ን ብሬድቦርዱ ላይ ትከሉ። ውስጡ ስድስት ገልባጮች አሉት፤ የሰጡትን አንድ ዜሮ፣ ዜሮውን አንድ ያደርጋሉ። እግር 14ን ከ5 ቮልት፣ እግር 7ን ከመሬት አገናኙ። በሁለቱ መካከል፣ ለአይሲው አስጠግታችሁ፣ 104 የተጻፈበትን ትንሽ ሴራሚክ ካፓሲተር አስቀምጡ። የማትጠቀሙባቸውን መግቢያዎች፣ ማለትም 3፣ 5፣ 9፣ 11 እና 13ን፣ ከመሬት ጋር እሰሯቸው። የተንጠለጠለ የኤችሲ መግቢያ ከአየር ላይ ሁካታ እየለቀመ ይዋዥቃል፤ አይሲውንም በከንቱ ያሞቀዋል።

እግር 1ን ከመሬት ጋር አገናኙ። መውጫው፣ እግር 2፣ ከፍ ይላል። ምንም ጭነት ሳይኖር ለኩት፤ የኃይል መስመራችሁ 5.00 ከሆነ እግር 2 ላይም 5.00 ታገኛላችሁ። ይህች ልኬት ብቻዋን አንድ ነገር ታጋልጣለች። ጀርባው ላይ ኤችሲ ተጽፎ ያለ ጭነት 4 ቮልት አካባቢ የሚያሳያችሁ ከሆነ፣ የኤልኤስ አይሲ ላይ ሌላ ስም ታትሞበት ሊሆን ይችላል። ጽሑፉን አታምኑት፤ በኤልኤስ ልክ ተጠቀሙበት።

አሁን ከእግር 2 ወደ መሬት 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አገናኙና ቮልቴጁን እንደገና ለኩ። 4.76 አካባቢ ይሆናል። በ470 ኦም ቀይሩት፤ 4.5 አካባቢ። በ220 ኦም ቀይሩት፤ 4.1 አካባቢ ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ እግሩ 18 ሚሊአምፒር እየሰጠ ነውና ለክታችሁ ቶሎ ንቀሉት። ወደ 100 ኦም አትሂዱ፤ ከ25ቱ ድንበር ትሻገራላችሁ።

የታየው ነገር ምንድን ነው? አይሲው በውስጡ 50 ኦም ያህል የሚሆን የማይታይ ሬዚስተር አለው። ከረንቱ ያንን ሳያልፍ ወደ ውጭ አይወጣም። የእናንተን አይሲ ለማወቅ፣ ያለ ጭነት ከለካችሁት ላይ በጭነት የለካችሁትን ቀንሱ፤ ያንን ልዩነት ለከረንቱ አካፍሉ። በ470 ኦም ላይ 4.52 ቮልት ካገኛችሁ፣ ከረንቱ 4.52 ሲካፈል ለ470፣ ማለትም 9.6 ሚሊአምፒር ነው። የወረደው 0.48 ቮልት ነው። 0.48ን ለ0.0096 ስታካፍሉ 50 ኦም ይመጣል። ይህን ቁጥር አይሲውን በገዛችሁበት ፖስታ ላይ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ለዚያ ዘር ሁሉን ነገር በጭንቅላታችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

ታችኛውን አቅጣጫም ሞክሩ። እግር 1ን ወደ 5 ቮልት አዛውሩ፤ ሬዚስተሩን ከእግር 2 ወደ 5 ቮልት እሰሩት። ኤችሲ ከሆነ የታችኛው ውስጣዊ ሬዚስተር ትንሽ አነስ ይላል። ይህንኑ ልኬት በኤልኤስ ላይ ስታደርጉ ላይኛውና ታችኛው የሰማይና የምድር ያህል ሲራራቁ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ጭነቱን አስሉ

ለሰሌዳዬ እንመለስ። የ595ቱ ውስጣዊ ሬዚስተር ከተራው ያነሰ ነው፤ 33 ኦም አካባቢ። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ይወስዳል። ከ5 ላይ 3 ቮልት ይቀራል። 3ን ለ253 (220 ሲደመር 33) ስታካፍሉ 12 ሚሊአምፒር ገደማ፣ በስምንት ሲባዛ ያ 95 ይመጣል። ሬዚስተሩን 470 ኦም ብናደርገው 3 ሲካፈል ለ503፣ 6 ሚሊአምፒር፤ በስምንት 48። ከ70 በታች ሆነ፤ እያንዳንዱ እግርም አምራቹ ቃል በገባበት ልክ ላይ ነው። የዛሬ ኤልኢዲ ቤት ውስጥ በ6 ሚሊአምፒር በደንብ ይታያል። ለምልክት መብራት ከዚህ በላይ አትጠቀሙ።

ሪሌ ሌላ ታሪክ ነው። በፎገራ ሜዳ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር፣ ሩዝና ሽንኩርት የሚያጠጡ ሰዎች ዘንድ ፓምፕን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ነገር ለመሥራት የሚሞክር ወጣት አይጠፋም። የውኃው ከፍታ ይነበባል፣ አይሲው ይወስናል፣ ሪሌው ይነሣል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ሰማያዊው ባለ 5 ቮልት ሪሌ ግን መጠምጠሚያው 70 ኦም ነው፤ 71 ሚሊአምፒር ይፈልጋል። በቀጥታ ከ74ኤችሲ04 ጋር ብታስሩት ምን ይሆናል? ውስጣዊው 50 እና የመጠምጠሚያው 70 ሲደመሩ 120 ኦም ነው። የሚያልፈው 42 ሚሊአምፒር ይሆናል። ሪሌው የሚያገኘው 2.9 ቮልት ነው፤ ለመነሣት ደግሞ 3.75 ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሪሌው አይነሣም፤ አይሲው ግን 25 ከሚለው ድንበሩ አልፎ ሊነድ ይችላል። ሥራውም አልተሠራ፣ አይሲውም ለአደጋ ተጋለጠ።

ትንንሽ የድሮ አምፖሎችም እንዲሁ ያታልላሉ። ክሩ ሲቀዘቅዝ ሬዚስተሩ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ፣ በሚበራበት ቅጽበት ከተለመደው ከረንት እስከ አሥር እጥፍ ሊስብ ይችላል።

ሲያንሰው አጋዥ ስጡት

ለሪሌ የሚበቃው አንድ 2ኤን2222 ትራንዚስተር ነው። ከአይሲው መውጫ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ቤዙ፤ ኤሚተሩ ወደ መሬት፤ ሪሌው በ5 ቮልትና በኮሌክተሩ መካከል። አይሲው አሁን የሚሰጠው 4 ሚሊአምፒር ነው፤ ትራንዚስተሩ 71ዱን ይሸከማል። በሪሌው መጠምጠሚያ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ ገልብጣችሁ እሰሩ፤ ነጭ ቀለበቱ ወደ 5 ቮልት። ይህን ዳዮድ የምትረሱ ከሆነ ሪሌው በሚጠፋበት ቅጽበት የሚያስወነጭፈው ቮልቴጅ ትራንዚስተሩን ይበላዋል። አይሲያችሁ ኤልኤስ ከሆነ 4 ሚሊአምፒር ለመስጠት ዋስትና የለውምና፣ ሁለት ትራንዚስተር ዳርሊንግተን በሚባለው መንገድ ደርቡ ወይም ኤችሲውን ፈልጉ። ሲዲ4000 ከሆነ በአነስተኛ ቮልቴጅ የሚከፈት ሞስፌት ይሻላል፤ ጌቱ ከበራ በኋላ ከረንት አይወስድም።

ፓምፑ የ220 ቮልት ከሆነ ይህን ትንሽ ሪሌ በቀጥታ ሞተር ላይ አታድርጉት። ላዩ ላይ 10 አምፒር ቢጻፍም ሞተር ሲነሣ የሚስበው ከዚያ ያልፋል፤ ጥርሶቹ ተበይደው ይቀሩና ፓምፑ አልጠፋም ይላል። ሪሌው ኮንታክተር (ለሞተር የተሠራውን ትልቅ ማብሪያ) ያንሣ፤ ኮንታክተሩ ፓምፑን። ያንን ክፍል ደግሞ የመብራት መስመር የሚያውቅ ባለሙያ ይቀጥልላችሁ። ውኃ ዳር የሚሠራ ሥራ ነውና እዚህ ላይ ልመናዬ ነው።

ብዙ መውጫ ላላችሁ ዩኤልኤን2803 የሚባለውን ፈልጉ። በአንድ አይሲ ስምንት ዳርሊንግተኖች አሉት፤ እያንዳንዱ እስከ 500 ሚሊአምፒር፤ የመግቢያ ሬዚስተሩም የሪሌ ዳዮዱም ውስጡ ተሠርቷል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ በ500 ማስኬድ ግን አይቻልም፤ የአይሲው ሰውነት ሙቀቱን አይችለውም። ወደ መሬት የሚቀበል እንጂ የሚሰጥ አይደለም፤ ጭነታችሁን ከላይ አስራችሁ ከታች እሱ ይዝጋው።

ሌላ መንገድም አለ፤ ብዙ ሰው አይሆንም ብሎ ይተወዋል። በአንድ አይሲ ውስጥ ያሉ ገልባጮችን መግቢያቸውን ከመግቢያ፣ መውጫቸውን ከመውጫ አጣምሮ አንድ ላይ ማሠራት። ሦስቱ 4፣ 4 ቢሉ 12 ይሆናል። የሚሆነው ግን አብረው ሲስቡ ነው። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ያለው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተቀለጠበት ቦታ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ያ መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል፤ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የተጓዘው መንገድ እየተጠረገለት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱት ነው። ጎታቾቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ባይጎትቱ ኖሮ አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋ ነበር። ገልባጮችም እንደዚያ ናቸው። በአንድ አይሲ ውስጥ ያሉት አንድ ላይ የተሠሩ ስለሆኑ አንድ ላይ ይነሣሉ። ከሁለት የተለያዩ አይሲዎች ያሉትን ግን አታጣምሩ፤ አንዱ ቀድሞ ከፍ ሲል ሌላው ገና ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ በዚያች ቅጽበት ከረንቱ ከአንዱ ወጥቶ በሌላው በኩል መሬት ይገባል። ስድስቱንም ብታጣምሩ የጋራ በሩ 50 መሆኑን ደግሞ አትርሱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ሎሚው በየእጁ ሲሆን ነው፤ እዚህ ሁሉም በአንድ በር ነው የሚገቡት።

ስለ ሙቀት

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በአቅራቢያዋ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ብርዱ ለኤችሲ አይሲ ደግ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ሬዚስተሩ ይቀንሳል፤ ሲሞቅ ይጨምራል። ያ በ25 ዲግሪ 0.26 ያነበብነው ቮልት በ85 ዲግሪ 0.33 ይሆናል፤ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበት ቀንሷል ማለት ነው። እዚህ በማታ ብርድ ሞክራችሁ ደህና ያያችሁትን ሰሌዳ ለሞቃታማው መተማ ሱቅ ከላካችሁት፣ ወይም እዚሁ ቆርቆሮ ሥር በታሸገ ሣጥን ፀሐይ ላይ ከሰቀላችሁት፣ ሌላ አይሲ እንደሆነ ቁጠሩት። ከፍታው ራሱ አየሩን ያሳሳዋልና ትኩስ ነገር በአየር የሚቀዘቅዘው በመጠኑ ይዘገያል። ስለዚህ ከሠንጠረዡ ላይ የ25 ዲግሪውን ዓምድ ሳይሆን በስተቀኝ ያለውን፣ የሙቀቱን ዓምድ፣ አንብቡ።

መጀመሪያ ስታበሩት

ሁሉንም መውጫ በአንድ ጊዜ የሚያበራ ትንሽ ሙከራ ጻፉ፤ ችግር የሚደበቀው በከፊል ሲበራ ነውና። አብሩት። የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ራሱ አይሲው የመሬት እግር ላይ፣ ቀዩን የኃይል እግሩ ላይ አድርጉ፤ ቻርጀሩ ጋ አትለኩ። 5 ሲገባ 4.6 ካገኛችሁ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ብሬድቦርዱ ላልቷል። ቀጥሎ አንዱን መውጫ ለኩ፤ ቀድማችሁ ካሰላችሁት በላይ ከወረደ አጥፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጣታችሁን አሳርፉበት። ለብ ማለት ምንም አይደለም፤ ጣት የማያቆይ ከሆነ አጥፉና ስሌቱን እንደገና ሥሩ።

እኔም ሰሌዳዬን እንዲሁ አስተካከልኩት። ለእያንዳንዱ 595 አንድ ዩኤልኤን2803 ጨመርኩ፤ ኤልኢዲዎቹን ገልብጬ ከ5 ቮልቱ መስመር ላይ ሰቀልኳቸው፤ 220ውን በ150 ኦም ቀየርኩ፤ በእያንዳንዱ አይሲ ጎን አንድ 104 ካፓሲተር በየድኩ። አሁን በአንድ ኤልኢዲ 15 ሚሊአምፒር ያልፋል፤ ከበፊቱ የበለጠ ይደምቃል። ከ595ቱ የሚወጣው ግን ለዩኤልኤኑ መግቢያ 1.3 ሚሊአምፒር ብቻ ነው፤ ስምንቱ ተደምረው 11 አይሞሉም። ከፕሮግራሙ አንዲት መስመር አልነካሁም። ማታ ባለ ሱቁና ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ «ጨ» መጣችና አለፈች፤ ከጎኗ ያለው ዓምድ ጨልሞ፣ ጸጥ ብሎ ቆመ።